የሐይቁ መምህር እንዴት ቅዱስ ሆኑ?

የምሩቃን ማኅበራችን ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዋጣ ሲጠይቀኝ፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ቁም ሣጥን ላይ የተሰቀለውን ካርቶን ማውረድ ነው። ውስጡ የምረቃ ፎቶዬ፣ የዶርም ጓደኞቼ የፈረሙበት አንድ ደብተርና ሲኒየር ኢሴዬ አሉ። የኢሴዬ ርዕስ ሁለት መስመር ይፈጃል፤ በአጭሩ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። ገጽ 14 ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «የአባ ኢየሱስ ሞዓ ገድል ከተአምራት በቀር የያዘው ነገር ስለሌለ ለታሪክ ጥናት አይጠቅምም።» አማካሪዬ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ አስምረው፣ ጎኑ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ጽፈዋል፦ «ታዲያ ማን ጻፈው?»

ያኔ አስተያየቱን እንደ ቁጣ ነበር የወሰድኩት። «ማን ይጽፈዋል፣ መነኮሳቱ ናቸዋ!» እያልኩ ዶርም ውስጥ ሳማርር ትዝ ይለኛል። አማካሪዬ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔም ከተመረቅሁ ጀምሮ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። እንግዲህ የቤት ሥራዬን ሃያ ምናምን ዓመት ዘግይቼም ቢሆን በዚህ መጽሔት ላስረክብ።

(የውጭ ጥናቶችን ስለምጠቅስ፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐይቅ ያደገ ልጅ የሚያውቀው

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው የሚያገኟት ከተማ ናት። ውኃው 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ደግሞ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ የአምባሰል ተራሮች ተደርድረው ይታያሉ። ስሙን ለአንደኛው የሙዚቃ ቅኝታችን የሰጠው፣ ማሩም የሚወደድለት ያ አምባሰል ነው። ግሸን ማርያምም ያለችው እዚያው ነው። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን የሚተመውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ ኅዳር 26 ቀን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚሄደውን ቢያይ «ይህቺ ናት?» ሊል ይችላል። ግን በዚያች ቀን የሚታሰቡት ሰው ባይኖሩ ኖሮ የአገራችን የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር።

ገዳሙ ድሮ ደሴት ላይ ነበር። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ስለተያያዘ በእግር ይገባል። ሴቶች ግን አይገቡም፤ ያ ሥርዓት እስከ ዛሬ እንደ ጸና ነው።

እኛ ቤት ሙስሊም ነን። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ግን ኅዳር 26 ሲደርስ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ዝክር ያወጡ ነበር። ቀኑ የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሚውል ሥጋ ብሎ ነገር የለም፤ ዳቦና ንፍሮ ነው። የእኛም ድርሻ በሰፌድ ተሸፍኖ ይመጣል። አንድ ቀን አባቴን «ይኼ ኢየሱስ ሞዓ የሚሉት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ንፍሮውን እየዘገነ፣ «የእነሱ ሸህ ነው፤ እደሴቱ ላይ ደረሳ ሲያስቀራ ኖሮ እዚያው ሞተ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ከአባቴ መልስ ያጠረና የተሻለ ግን አላገኘሁም።

ሰውየው

ስማቸው በግእዝ «ኢየሱስ አሸነፈ» ማለት ነው። ገድላቸው ዳህና በሚባል አገር እንደ ተወለዱ ይናገራል፤ ዘመኑ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ወደ ትግራይ ተሻግረው፣ እስከ ዛሬ በገመድ በሚወጣው በደብረ ዳሞ አባ ዮሐኒ በሚባሉ አበምኔት እጅ መነኮሱ። ከዚያ በ1248 (በ1240 ዓ.ም. ገደማ) ወደ ሐይቅ መጡ። ያኔ ላስታ ላይ የዛጔ ነገሥታት ገና በዙፋናቸው ነበሩ። እስከ ዕረፍታቸው፣ ማለትም እስከ 1293 ድረስ፣ 45 ዓመት በዚያች ደሴት ኖሩ።

የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከእሳቸው በፊትም እንደ ነበረ ትውፊቱ ይናገራል። እሳቸው ያመጡት አዲስ ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ለመረዳት የዘመኑን የቤተ ክርስቲያን አወቃቀር ማየት ያስፈልጋል። ጳጳሱ አንድ ነው፤ እሱም ከእስክንድርያ የሚላክ ግብጻዊ ነው። አገሩን አያውቅም፣ ቋንቋውንም ገና ይለምዳል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ የለም። ይኩኖ አምላክ በ1270 ከነገሠ በኋላ ጳጳስ እንዲላክለት በ1274 ለግብጹ ሱልጣን ለበይበርስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ልመናው ግን አልሠመረም። እንዲህ ባለ ጊዜ ካህኑን የሚያስተምር፣ መነኩሴውን የሚያመነኩስ፣ መጽሐፉን የሚያስገለብጥ ማን ይሆናል? በቅርብ ያለው አበምኔት ነው። በአገራችን ብዙ የገዳም አለቆች ቅዱሳን ተብለው ሲታሰቡ ጳጳሳቱ ጥቂት የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ሕዝቡ የሚያውቀው አጠገቡ ያለውን ነው።

ከሐይቅ የወጡትን ተማሪዎች እንቁጠር ካልን ቀዳሚው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው ሐይቅ መጡ፤ ትውፊቱ እንደሚለው አሥር ዓመት ያህል ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ተቀመጡ። ከዚያ መምህራቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም መሠረቱ። ጣና ላይ የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች የሚባሉት አባ ኂሩተ አምላክም የሐይቅ ልጅ ናቸው። የደሴቷ ስም ራሱ የመጡበትን ይነግራል፤ እስጢፋኖስን ይዘው ሄደዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ሐይቅ ገብተው ተማሩ። እኚህ በ1424 «መጽሐፈ ምሥጢር»ን የጨረሱት ታላቁ ደራሲ ናቸው። ገድላቸው መጀመሪያ ትምህርት አልገባ ብሏቸው ብዙ እንደ ተቸገሩ ይተርካል። በክፍሌ ውስጥ ከኋላ ወንበር ለሚቀመጡት ልጆች ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ያዳምጡኛል ብዬ አልምልም፤ እኔ ግን እነግራቸዋለሁ።

ሁለት ምስክር

ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚነግሩን ሁለት ዋና የጽሑፍ ምስክሮች አሉ። ተማሪ ሳለሁ አንዱን ይዤ ሌላውን ጣልኩ፤ ስሕተቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

አንደኛው ወንጌላቸው ነው። በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በቀድሞ ዘመን የገዳም ወንጌል ከማንበቢያም በላይ ነበር። የርስት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የንጉሥ ቃል ሁሉ ባዶ ቅጠሉ ላይ ይጻፍበታል። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማን ይፍቃል? ስለዚህ እንደ መዝገብ ቤት ያገለግላል። በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ውስጥም የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር አለ። ጊዜው 1292 ነው፤ ያረፉት በማግሥቱ ዓመት ነው። ሰማንያ ገደማ መጻሕፍት ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ መጽሐፍ በእጅ በሚገለበጥበት፣ ለአንዱ ብራና የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ በሚፈጅበት ዘመን፣ በአንዲት ደሴት ላይ ሰማንያ መጽሐፍ ማለት ቀልድ አይደለም። ያ ዝርዝር ባይኖር ስለ ዘመኑ የትምህርት ሀብት የምናውቀው በጣም ያነሰ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ገድላቸው ነው። ስታኒስላስ ኩር የተባሉ ፖላንዳዊ ሊቅ በ1965 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትመውታል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት የተጻፈው ከአባታችን ዕረፍት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ተአምራቱ ብዙ ነው፤ ተጋድሎው ለሰሚው ይከብዳል። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላኝ «ሳይንሳዊ» ታሪክ ተማሪ ወንጌሉን መረጃ፣ ገድሉን ተረት ብዬ ለሁለት ከፈልኳቸው።

አማካሪዬ ሊያሳዩኝ የፈለጉት፣ ገድሉም ለራሱ ዘመን መረጃ መሆኑን ነበር። በ1250 ሐይቅ ላይ ምን እንደ ተደረገ ገድሉን ብቻ አምኜ ልናገር አልችልም። ገድሉ በተጻፈበት ዘመን የሐይቅ መነኮሳት ምን ያስጨንቃቸው እንደ ነበር ግን በደንብ ይነግረኛል።

ያስጨንቃቸው የነበረው እነሆ። ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት ጥሎ ሲነግሥ ቤተ ክህነት ረድታው ነበር፤ ለዚህም ውለታ ሲሶ ተሰጣት የሚል ትውፊት አለን። ግን የረዱት ማን ናቸው? የደብረ ሊባኖስ ወገን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው ይላል፤ «ብዕለ ነገሥት» የተባለውም ጽሑፍ ታሪኩን በዚህ መንገድ ይተርካል። የሐይቅ ወገን ደግሞ ይኩኖ አምላክን ያስተማሩትና ቃል ኪዳን ያስገቡት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ይላል። እኚያው ንጉሥ የሐይቁን አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» አድርገው ሾሙም ይላል። ዐቃቤ ሰዓት ማለት የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚወስን ባለሥልጣን ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ኢየሱስ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ባሳተሙት ጥናትና በ1972 በወጣው መጽሐፋቸው ይህን ክርክር አንድ በአንድ ፈትተውታል። እሱን ካነበብኩ በኋላ ገጽ 14ን ማየት አሳፈረኝ። ገድል የጻፈው መነኩሴ በአእምሮው ባዶ አየር እየሳለ አልነበረም። ጎረቤት ገዳም ዝናው እየገነነ ሲሄድ፣ የእጨጌው መንበር እየከበደ ሲመጣ፣ «መምህሩ እኮ የእኛው ነበሩ» ብሎ በብራና እየተሟገተ ነበር። ሙግቱ ስለ መሬትም ነው፣ ስለ ሥልጣንም ነው። ይህን መካድ አያስፈልግም። ግን ሙግቱ ሁሉ የቆመበት ምሰሶ አንድ ነው፤ ማን ማንን አስተማረ የሚለው ነው።

ክሌር ቦስ ቲዬሴ የተባሉ ፈረንሳዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪም በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በወንጌሉ ውስጥ ያለውን የአባ ኢየሱስ ሞዓን ሥዕል መነሻ አድርገው፣ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገናኛ ላይ ቅድስናና የነገሥታት እጅ ሐይቅ ላይ እንዴት እንደ ተያያዙ መርምረዋል። እኔ ወንጌሉን «ንጹሕ መረጃ» ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት። እዚያም ውስጥ ሰውየውን ለትውልድ ያዘጋጀ እጅ አለ። ሁለቱ ምስክሮች እኔ እንዳሰብኩት ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም።

ችሎት የሌለው ቅድስና

የውጭውን ዓለም እናስተያይ። በሮም ቤተ ክርስቲያን አንድን ሰው በጳጳስ አዋጅ ቅዱስ ማለት የተጀመረው በ993 ነው ይባላል፤ ያኔ የአውግስቡርጉ ኤጲስ ቆጶስ ኡልሪክ ተሰየሙ። በ1234 ደግሞ የጎርጎርዮስ ዘጠነኛው የሕግ መጽሐፍ ጉዳዩን ለሮም ብቻ አደረገው። አባ ኢየሱስ ሞዓ ያኔ ገና ወጣት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ምስክር ይቆጠራል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ ክርክር ይሰማል፤ ፍርድ ቤት በለው።

ከዚያ በፊት ግን እነሱም ጋ እንደኛው ነበር። የምዕራቡ ምንኩስና አባት የሚባሉት አበምኔት ቤኔዲክቶስ በ547 ገደማ ሲያርፉ ቅዱስ ብሎ የፈረደላቸው ችሎት የለም። መነኮሳቱ መቃብራቸውን ጠበቁ፣ ሥርዓታቸውን ተከተሉ። ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል አልፎ ደግሞ ታላቁ ጎርጎርዮስ ሕይወታቸውን ጻፉ። ጽሑፉ የቆመው የቤኔዲክቶስ ደቀ መዛሙርት በነገሯቸው ላይ ነው። ጎርጎርዮስ ራሳቸው ይህን ይናገራሉ።

የሐይቁም መንገድ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መቃብር አለ፤ ተማሪዎቹ ትተውት አይሄዱም። ቀጥሎ ተዝካር ይመጣል፤ የሞቱበት ቀን በየዓመቱ ይታሰባል። ከተዝካሩ የሚነበብ ነገር ያስፈልጋልና ገድል ይጻፋል። ገድሉ ውስጥ ቃል ኪዳን አለ፤ «ስሙን የጠራ፣ ዝክሩን የዘከረ» የሚለው ነው። ስሙ ስንክሳር ውስጥ ሲገባ በኅዳር 26 በሌላውም ቦታ ይነበባል። በመጨረሻ አንዲት የሐይቅ እናት ዳቦ ትደፋለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ለሙስሊም ጎረቤቷ ቤትም ትልካለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዳኛ የለም። ቅድስናን የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው ይላል አማኙ፤ እሱን ለሃይማኖቱ እተዋለሁ። የታሪክ ተማሪ የሚጠይቀው፣ መታሰቢያውን ማን ጀመረው፣ ማንስ ሳያቋርጥ አስቀጠለው የሚለውን ነው።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፎቶ አነሣ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚያ ውስጥ ቁጥር 1832 ነው። የፊልሙ ቅጂ የተቀመጠው በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚባል ቦታ፣ በቤኔዲክቶስ መነኮሳት ቤት ነው። የአንዱ አበምኔት ወንጌል በሌላው አበምኔት ልጆች ቤት ተጠልሏል። ካታሎጉን ከሠሩት ሰዎች ዋነኛው የእኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩ ሊቅ፣ በ1975 በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው አገር ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ የእነ አባ ኢየሱስ ሞዓን መጻሕፍት አንድ በአንድ አነበቡ፣ መዘገቡ። ከ1292ቱ ዝርዝር ጸሐፊ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠሩት።

ዝርዝር የሚናቅ ነገር አይደለም። በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደርሶ የደሴቲቱን ሀብት ወሰደ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ራሱ ይተርከዋል። ከዚያ ወዲያ ገዳሙ የቀድሞ ሥልጣኑን መልሶ አላገኘም። የእጨጌው መንበር ገነነ፤ ከሐይቅ ጋር ተጣብቆ የነበረው የዐቃቤ ሰዓት ማዕረግ የቀድሞ ቦታውን አጣ። ወርቁ ሄደ፣ ሹመቱም ሄደ፤ ወንጌሉና በውስጡ ያለው የመጻሕፍት ዝርዝር ቀሩ። እኛም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን ሲያልፍባት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲዘረፍ አይተናል። የሄደው ምን እንደ ነበር የሚያውቀው ዝርዝር ያለው ሰው ብቻ ነው።

በወሎ መምህር ይዘየራል

አባቴ «የእነሱ ሸህ ነው» ሲል እያቃለለ አልነበረም። በወሎ በእስልምናውም በኩል እንዲሁ ነዋ! ጀማ ንጉሥን ተመልከቱ። እዚያ የሚዘየሩት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያለፉ ዓሊም ናቸው። ደረሳ አስቀርተዋል፣ መውሊዱን አድምቀዋል፤ ተማሪዎቻቸውም በየአገሩ ሄደው ሌላ መስጊድ፣ ሌላ የቂርአት ቤት ከፍተዋል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ እነዚህ የሊቃውንት ሰንሰለቶች በደንብ ተጽፈዋል። መሪድ ሸሁን ከሸሁ ሸህ ጋር እያያያዘ ይቆጥራል። መነኩሴም ከአባ እንጦንስ ጀምሮ እስከ አባ ዮሐኒ፣ ከአባ ዮሐኒ እስከ አባ ኢየሱስ ሞዓ፣ ከእሳቸው እስከ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይቆጥራል። እምነቱ ይለያያል፤ አቆጣጠሩ ግን ያው የመምህርና የተማሪ አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ በላይ ቢታወቅ ብዙም አያስከፋም። ዛሬ በአገሩ ሁሉ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታቦት የሌለበት አውራጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ አባ ኢየሱስ ሞዓን ግን ከወሎ ውጭ «ማን ናቸው?» የሚል ብዙ ነው። የሐይቅ መነኮሳት በገድላቸው ያሳሰባቸው ይህ ነበር። ነገር ግን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተነሡ ቁጥር ታሪካቸው ሐይቅን ሳይረግጥ አያልፍም። የደብረ ሊባኖስ ገድል ሐይቅን መዝለል ቢፈልግም አልቻለም።

ኅዳር 26

ባለፈው ዓመት ኅዳር 26 ከሁለት የዶርም ጓደኞቼና ከአንዲት የክፍላችን ልጅ ጋር ወደ ገዳሙ ሄድን። እሷ እንደ ሥርዓቱ ከመግቢያው ቀረች። ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ፣ «ሂዱና ግቡ፤ ስትመለሱ ግን የእናንተን ስሜት አልፈልግም፤ ያያችሁትን ንገሩኝ» አለችን። የጥናት ጓደኛ ማለት እንደዚህ ነው።

ያየሁትን ነገርኳት። ቅዳሴ ላይ ብዙ ሰው የለም። ሽማግሌዎች አሉ፣ ጥቂት ወጣቶች አሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች አንዲት ያረጀች መጽሐፍ መሀላቸው አድርገው ይቀጽላሉ። አንደኛው ሲሳሳት ሌላው በክርኑ ይጎስመዋል። ከእኛ ወገን አንዱ፣ «ዛሬ እንኳ በዓል ነው፣ አታርፉም እንዴ?» ሲላቸው፣ ትንሹ ቀና ብሎ «መምህር ነገ ይጠይቁናል» አለ። ጓደኛችን ይህን ስትሰማ ሳቀች። ቀጥላም «ከ1248 ጀምሮ ነገ ይጠይቁናል!» አለች።

ወደ ቤት ስመለስ ያንን ካርቶን ከፍቼ ገጽ 14ን አወጣሁ። «ታዲያ ማን ጻፈው?» ከሚለው ቀይ ጽሑፍ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ተማሪዎቻቸው» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ነጥቡን የሚሰጡኝ ግን የሉም።

ውድ የቀድሞ ተማሪዎችና መምህራን፣ ማኅበራችን በዚህ የመገናኛ በዓል ላይ ያስተማሩንን ሰዎች የተመለከተ ማስታወሻ እያሰባሰበ ነው። ቅዱስ እናድርጋቸው አላልኩም፤ አንዳንዶቹ በውጤት አሰጣጣቸው ከቅድስና በጣም የራቁ እንደ ነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ግን በየትኛው ዓመት ምን አስተማሩን፣ የትኛውን መጽሐፍ አስነበቡን፣ በቀይ ምን ጻፉብን፣ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ካርቶናችሁን አውርዱ። የኮርስ ዝርዝር ይሁን፣ የተስተካከለ ፈተና ይሁን፣ አንዲት ገጽም ብትሆን ቅጂውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። ገጽ 14 ከነቀዩ ቀድማ ገብታለች።